ፊደላችን በባይት ሲቆጠር፦ ዩኒኮድና የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚግባቡበትና የሚለያዩበት ቦታ

ቱሉ ዲምቱ ለተሰበሰቡ የሶፍትዌር ተማሪዎችና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ከቃሊቲ፣ ከቂሊንጦና ከኮዬ ፈጬ የመጣችሁም፣ የዚሁ የቱሉ ዲምቱ ልጆችም፣ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። አብዛኞቻችሁ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለቁጠባ ማኅበር ወይም ለእድር የመዝገብ ሥርዓት የምትሠሩ ናችሁ። እንግዲያው ጥያቄያችን አንድ ነው። አማርኛ በኮምፒውተር ላይ ዓለም አቀፍ ቦታውን ከያዘ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ዛሬም የአባላት ስም ዝርዝር በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ የሚመጣው ለምንድን ነው?

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ ደረጃ ድርሻውን ተወጥቷል፤ የፕሮግራም ቋንቋዎቹም አብዛኞቹ ተወጥተዋል። ጽሑፍ የሚበላሸው ሲሻገር ነው፤ ከፋይል ወደ ፕሮግራም፣ ከፕሮግራም ወደ ዳታቤዝ፣ ከዳታቤዝ ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ስልክ። በየመሻገሪያው ላይ ጽሑፉ በየትኛው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመለወጫ ስልት) እንደተጻፈ በግልጽ ካልተነገረው ማሽኑ ይገምታል። ግምቱ ደግሞ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው።

የዚህን ሰፈር ስም ወስደን ውስጡን እንክፈተው። «ቱሉ ዲምቱ» አምስት ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ፣ በድምሩ ስድስት ቁምፊ ነው። የዩኒኮድን ቁጥሮች ወደ ባይት ከሚለውጡት ስልቶች አንዱ በሆነው በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ ግን 16 ባይት ይሆናል፤ ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። ቱ 225፣ 137፣ 177 ነው። ሉ 225፣ 136፣ 137። ባዶ ቦታው 32 ብቻ። ዲ 225፣ 139፣ 178። ም 225፣ 136፣ 157። የመጨረሻው ቱ እንደገና 225፣ 137፣ 177። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልን፤ ደግመን ደጋግመን እንመለስባቸዋለን።

ስለ አመጣጡ ባጭሩ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠራው። ከዩኒኮድ በፊት አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የግዕዝ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነአኃዙና ከነነጥቡ በዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የዘመኑ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በላቲን ቁጥሮች ላይ አሰፈሩት፤ አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ከፈሉት፣ አንዳንዶቹም ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በላዩ ላይ ደረቡት። ማሽኑ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነበር፤ አማርኛ የሚመስለው ለዓይን ነው። ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲወጣ ግን ግዕዝ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ከ1200 ጀምሮ የራሱን 384 ቦታ አገኘ። በተለመደው አቆጣጠር ከ4608 እስከ 4991 ማለት ነው። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። የመጨረሻውን ወደ ኋላ እናነሣዋለን፤ የራሱ ወጥመድ አለው።

አሰፋፈሩ የፊደል ገበታችንን ተከትሎ የሄደ መሆኑ ለፕሮግራም ጸሐፊ ትልቅ ጥቅም ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632፣ ሠ 4640፣ ረ 4648፣ ሰ 4656። የፊደሉን ቁጥር ለ8 ስታካፍሉ ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ ነው። ም 4637 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ ሳድስ። ቀሪው 7 ሲሆን ብዙውን ጊዜ እንደ ሏ እና ሟ ያለ ዲቃላ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ በአ ረድፍ እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠው ኧ ነው። እንደ ቈ፣ ኰ እና ጐ ያሉትም የየራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ስሌቱ ለእነሱ አይሠራም። ከ2005 ወዲህ በተጨመሩት ክልሎች ላይ ደግሞ ረድፎቹን አስቀድማችሁ ሳታዩ አትጠቀሙበት።

በዩቲኤፍ 8 ዋናው የግዕዝ ክልል በሙሉ ሦስት ሦስት ባይት ነው። የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ይሆናል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ይህን አሠራር በ1992 ሲነድፉ ፊደሉን የሚጀምረው መሪ ባይትና ከእሱ የሚቀጥለው ተከታይ ባይት ፈጽሞ እንዳይምታቱ አድርገው ነው። ከ128 እስከ 191 ያለ ባይት ካያችሁ ፊደል መሐል ናችሁ፤ ወደ ኋላ መመለስ አለባችሁ። ይህችን አንድ ሕግ የያዘ ሰው ከሚቀጥለው ችግር ግማሹን ይገላገላል።

አሁን ወደ ቋንቋዎቹ እንግባ። ሁሉም «ርዝመት» የሚል ነገር አላቸው፤ የሚቆጥሩት ግን አንድ ነገር አይደለም። «ቱሉ ዲምቱ»ን ለሲ፣ ለፒኤችፒ፣ ለጎ እና ለረስት የተለመደ ርዝመት ቆጣሪ ስጡት፤ 16 ይላችኋል፤ የሚቆጥሩት ባይት ነውና። ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕትና ሲ ሻርፕ 6 ይላሉ፤ የሚቆጥሩት ባለ 16 ቢት አሃድ ነው፤ የእኛ ዋና ክልል ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል በአንድ አሃድ ይገባል። ፓይተን 3 ም 6 ይላል፤ እሱ የሚቆጥረው የዩኒኮድ ቁጥሮችን ነው። ስዊፍት ደግሞ ለዓይን አንድ ሆኖ የሚታየውን ይቆጥራል፤ 6 ይላል። እዚህ ላይ ሦስቱ መስማማታቸው እንዳያዘናጋችሁ። በአንድ ፊደል ላይ የማጥበቂያ ምልክት ብትጨምሩ ምልክቱ የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር ስላለው ፓይተን አንድ ይጨምራል፤ ስዊፍት አይጨምርም።

ሲ ላይ ሌላም አለ። በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ የሲ «ቻር» የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ስለሆነ 225 ብላችሁ የምትጠብቁት ባይት −31 ሆኖ ይመጣል። «ይህ ባይት 225 ነው ወይ» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ይሆናል፤ አቀናባሪው (ኮምፓይለሩ) ደግሞ ዝም ሊል ይችላል። ምልክት የሌለውን የቻር ዓይነት ተጠቀሙ። ፒኤችፒ ላይ ደግሞ በኤምቢ የሚጀምሩትን ተግባራት ተጠቀሙ፤ ሰርቨሩ ላይ ቅጥያው መጫኑንም አረጋግጡ። ጎ ላይ ጽሑፉን በሬንጅ ስትዞሩበት ፊደል በፊደል ይሰጣችኋል፤ በቁጥር ማውጫ ስትጠሩት ግን ባይት ነው የሚሰጣችሁ። ረስት ከሁሉም ጥብቅ ነው፤ በፊደል መሐል ስትቆርጡ ፕሮግራሙን እዚያው ያቆመዋል። እኛ ይህን ጥብቅነት እንወደዋለን፤ የተበላሸ ስም በዝምታ ዳታቤዝ ውስጥ ከሚገባ ፕሮግራሙ ቢቆም ይሻላል።

ስለ መቁረጥ ካነሣን፣ የሰፈር ስም 15 ባይት ብቻ በሚይዝ ቦታ ውስጥ ይግባ እንበል። 16ቱ ባይት አይገባበትም፤ የመጨረሻው ቱ 225 እና 137 ይዞ 177ን ያጣል። ስክሪን ላይ የሚወጣው «ቱሉ ዲም» እና አንድ የጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቁር አልማዝ ነው። ትክክለኛው አቆራረጥ እንዲህ ነው። ከገደቡ ቀጥሎ ያለውን ባይት እዩ፤ ከዜሮ ስንቆጥር 15ኛው 177 ነው፤ ከ128 እስከ 191 መሐል ስላለ ወደ ኋላ ሂዱ። 14ኛው 137፤ አሁንም ተከታይ ነው። 13ኛው 225፤ መሪ ባይት ነው፤ ከእሱ በፊት ቁረጡ። 13 ባይት ይቀራል፤ «ቱሉ ዲም» ሙሉ ሆኖ ይገባል። ስሙ ማጠሩ አልቀረም፤ የተሰበረ ባይት ግን የለውም።

ዳታቤዞችም በዚህ ይለያያሉ። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል የጽሑፍ ዓምድ ስፋትን በቁምፊ ይቆጥራሉ። ኦራክል ካልተነገረው በቀር በባይት ነው የሚቆጥረው፤ 30 ያላችሁት ዓምድ 10 የአማርኛ ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ሲሞላም ስህተት ያወጣል። ከቁጥሩ ጎን «ቻር» የሚለውን ጻፉ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በተለመደው አሠራር ዓምዱ ኤንቫርቻር መሆን አለበት፤ ያም ብቻ አይበቃም፤ በጥያቄው ውስጥ ከጽሑፉ ጥቅስ በፊት ኤን ካላስቀደማችሁ ፊደሎቹ ዓምዱ ጋ ሳይደርሱ በፊት ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ። ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ገደቡ 255 ባይት ነው፤ በአማርኛ 85 ፊደል። የደብዳቤውን ሙሉ ርዕስ የፋይል ስም ማድረግ የለመደ ቢሮ እዚህ ገደብ ላይ ቶሎ ይደርሳል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደርሰናል፤ የተበላሸ ጽሑፍ። የመጀመሪያው ሥራ መመርመር ነው፤ ምክንያቱም ስክሪን ላይ የምታዩት ብልሽት አራት ዓይነት ነው፣ የአራቱም መድኃኒት ለየቅል ነው። ባዶ ሣጥን ካያችሁ ዳታው ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ተራ የጥያቄ ምልክት በፊደሎቹ ቁጥር ልክ ተደርድሮ ካያችሁ ጽሑፉ ሲጻፍ ጠፍቷል፤ ባይቱ 63 ሆኗል፤ ከመጠባበቂያ ቅጂ በቀር መመለሻ የለውም። ጥቁር አልማዝ ካያችሁ ትክክል ያልሆነ ባይት ተገኝቶ በቁጥር 65533 ተተክቷል፤ ተተክቶ ከተቀመጠ እሱም ጠፍቷል፤ ለማሳየት ብቻ የተተካ ከሆነ ግን ዋናው ባይት አሁንም እዚያው ይኖራል። አራተኛው ጭረት ያለበት የላቲን ኤ እየደጋገመ የሚወጣበት ነው። ይህ አማርኛው በዩቲኤፍ 8 ተጽፎ ለላቲን ፊደል በተሠሩት የድሮ ኢንኮዲንጎች፣ በዊንዶውስ 1252 ወይም በላቲን 1፣ የተነበበበት ነው፤ ያ ፊደል በሁለቱም ውስጥ ቁጥሩ 225 ስለሆነ በእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል መጀመሪያ ላይ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ሊመለስ የሚችለው ይህኛው ነው።

እዚህ ላይ ጠጋ ብለን እንይ። በላቲን 1 የተነበበና እንደገና በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ እንደሆነ ከ127 በላይ ያለው እያንዳንዱ ባይት ሁለት ባይት ይሆናል። «ቱሉ ዲምቱ» ከ16 ወደ 31 ባይት ያድጋል። ያው ስህተት ቢደገም 61። በተቀመጠ ቁጥር የሚረዝም መዝገብ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ባይቶቹን አውጥታችሁ ስትመለከቱ ደግሞ ፊደሉ በ225 ፋንታ በ195 እና 161 ይጀምራል። ሁለት ጊዜ የተበላሸው በ195፣ 131፣ 194፣ 161 ይጀምራል። በየትኛው እንደተነበበ ለመለየት የሉን ሁለተኛ ባይት ተከተሉ፤ 136 ነበር። አሁን 194 እና 136 ከሆነ የተነበበው በላቲን 1 ነው፤ 203 እና 134 ከሆነ በዊንዶውስ 1252።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ለአማርኛ ግን ትልቅ ነው። ላቲን 1 ለ256ቱም ባይት መልስ አለው፤ ስለዚህ የተነበበውን በዚያው መንገድ መመለስ ይቻላል። ዊንዶውስ 1252 ግን አምስት ባይቶችን ባዶ ትቷቸዋል፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። የእኛ ፊደላት ሦስተኛ ባይት እነዚህን ይነካል። ም፣ ዝ እና ኝ በ157 ያልቃሉ። ል፣ ው እና ግ በ141። ነ እና ሐ በ144። ሁ፣ ቁ እና ጁ በ129። ሏ በ143። እነዚህ የአማርኛን ዓረፍተ ነገር የሚሸከሙ ፊደላት ናቸው። ጥብቅ የሆነ አንባቢ፣ ለምሳሌ ፓይተን፣ እዚህ ላይ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ስህተቱን በማይታወቅ ምልክት እንዲተካ ያዘዘ ፕሮግራም ደግሞ ባይቱን ለዘለቄታው ይጥለዋል። በእኛ ስም ውስጥ የሚጎዳው አንድ ፊደል ነው፤ ም። ሲመለስ «ቱሉ ዲ» ካለ በኋላ ክፍተት ኖሮ «ቱ» ይመጣል። ሌሎቹ አራቱ ደኅና ናቸው። በአማርኛ ሰነድ ላይ እንደ ም፣ ል፣ ው እና ነ ያሉት ተመርጠው ከጠፉ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ በመንገድ ላይ 1252 ነበረ።

ጥገናው ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ባይቶቹን እንዳሉ ገልብጡ፤ ዋናውን ቅጂ አትንኩ። ቀጥሎ በላይ ባሉት ቁጥሮች የትኛው ኢንኮዲንግ እንደተሳሳተ ለዩ። ከዚያ ጽሑፉን በተሳሳተው ኢንኮዲንግ ወደ ባይት መልሱት፤ ያንን ባይት በዩቲኤፍ 8 አንብቡት። በፓይተን ኤንኮድ ከዚያ ዲኮድ፤ ሁለት ትእዛዝ ነው። ሥራውን መዝገብ በመዝገብ አድርጉት፤ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ደኅነኛና የተበላሸ ተቀላቅሎ ሊገኝ ስለሚችል በ195 እና 161 የሚጀምሩትን ብቻ ነካኩ። የማይኤስኪውኤል «ላቲን 1» ስሙ ላቲን ይሁን እንጂ በእርግጥ 1252 ነው፤ አምስቱን ባዶ ቦታዎች ግን ሳይጥል ይይዛቸዋል። ስለዚህ የዩቲኤፍ 8 ባይት በላቲን 1 ዓምድ ውስጥ ከተቀመጠ ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ብሎብ (ጥሬ ባይት)፣ ከዚያ የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ 8 ወደሆነው ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ጽሑፍ መቀየር ፊደሎቹን ሙሉ ለሙሉ ይመልሳል። በቀጥታ ከላቲን ወደ ዩቲኤፍ 8 ብትቀይሩት ግን ብልሽቱን ታጸኑታላችሁ።

እንዳይበላሽ ማድረጉ ከጥገናው ይቀላል። ፓይተን ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲከፍት ካልተነገረው የማሽኑን ነባሪ ኢንኮዲንግ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ 1252። አማርኛ ልትጽፉ ስትሉ «ቻርማፕ» የሚል ቃል ያለበት ስህተት ከመጣ ምክንያቱ ይህ ነው። ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር ኢንኮዲንጉን ጻፉ። ፓይተን ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ 8ን ነባሪ እንዲያደርግ ተወስኗል፤ ጃቫ በ2022 በወጣው 18ኛው ዕትሙ ይህን አድርጓል። ቢሆንም ፕሮግራማችሁ በአሮጌ ማሽን ላይ እንደሚሮጥ አስቡና መጻፋችሁን አትተዉ። ሲኤስቪ ፋይል ሁለት ጊዜ ተጭኖ በኤክሴል ሲከፈት አማርኛው የሚበላሸው በፋይሉ ራስ ላይ መለያው ስለሌለ ነው፤ 239፣ 187፣ 191 የተባሉትን ሦስት ባይቶች አስቀድሙ። ፓይተን ውስጥ ዩቲኤፍ 8 ሲግ የሚባለው ይህንን ያደርጋል። ያንኑ ፋይል መልሳችሁ ስታነቡም በዚሁ አንብቡት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ዓምድ ስም ፊት ላይ የማይታይ ቁምፊ ተጣብቆ «ይህ ዓምድ የለም» እየተባላችሁ ግማሽ ቀን ትፈልጋላችሁ። ድረ ገጽ ላይ የኢንኮዲንግ መግለጫው በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት አለበት፤ ሰርቨሩ በራስጌው ሌላ ነገር ከተናገረ ደግሞ የሰርቨሩ ቃል ይበልጣል።

ደረጃው ከዚህ በላይ አይሄድም፤ ቀሪው የእኛ የአማርኛ ተጠቃሚዎች ሥራ ነው። ዩኒኮድ ሀን፣ ሐን እና ኀን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያውቃቸው፤ ትክክልም ነው፤ በግዕዝና በትግርኛ ሐ እና ሀ አንድ አይደሉም። ኖርማላይዜሽን የሚባለው፣ እኩል የሆኑ አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያመጣው የደረጃው አሠራር ፊደላቱን አይነካቸውም፤ የዳታቤዝ ነባሪ አደራደርም አያገናኛቸውም። ስለዚህ በእድሩ መዝገብ ውስጥ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈ አባል «ሀይሉ»፣ «ሃይሉ»፣ «ኀይሉ»፣ «ሐይሉ» ወይም «ሓይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ መዋጮ ይጠየቃል። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዓምድ ነው። ከሐ ረድፍ ላይ 16 ቀንሱ፣ ከኀ ረድፍ ላይ 128 ቀንሱ፤ ሁለቱም ሀ ላይ ያርፋሉ። በሠ ላይ 16 ጨምሩ፤ ሰ ይሆናል። ከዐ ላይ 48 ቀንሱ፤ አ። ከፀ ላይ 8 ቀንሱ፤ ጸ። ይህ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ቤቶች ብቻ ነው። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። ጐን ወደ ጎ፣ ኰን ወደ ኮ፣ ቈን ወደ ቆ ለማምጣት ከእያንዳንዱ ላይ 2 መቀነስ ይበቃል፤ ጎንደርና ጐንደር የሚገናኙት በዚህ ነው። ሰውየው ራሱ የጻፈውን ስም ግን አትንኩበት። በመታወቂያው ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ ስሙን ለፍለጋ እንዲመቸን ብለን ልንቀይርበት መብት የለንም።

ነጥቦቻችንም እንዲሁ ናቸው። አራት ነጥብ አንድ ቁምፊ ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይጫናል፤ ሌላው የላቲኑን ሁለት ነጥብ ይደጋግማል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው። ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር የሚከፍል ፕሮግራም ሦስቱንም ማወቅ አለበት። የድሮው ሁለት ነጥብ ቃል ይለያል እንጂ በዩኒኮድ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ የፓይተን ስፕሊት በእሱ አይከፍልም፤ ራሳችሁ ጨምሩት።

የግዕዝ አኃዝ ደግሞ ብዙ ሰው ያደናግራል። ፓይተንን ፩ ዲጂት ነው ወይ ብትሉት አዎ ይላል፤ ወደ ቁጥር ቀይረው ስትሉት ግን ስህተት ያወጣል። ፲ ደግሞ ጭራሽ ዲጂት አይደለም ይላችኋል። አልተሳሳተም፤ አኃዛችን ዜሮ የለውም፤ በቦታ ዋጋ አይሠራም። ፳፻፲፯ ማለት 20 ጊዜ 100፣ ሲደመር 10፣ ሲደመር 7 ነው። ከዩኒኮድ ሠንጠረዥ የእያንዳንዱን ዋጋ ወስዳችሁ ፻ እና ፼ ላይ የማባዛቱን ሥራ ራሳችሁ ጻፉት። የገባውን ቁጥር «ዲጂት ነው» በሚል ፍተሻ ብቻ ያሳለፈ ቅጽ አንድ ቀን በ፭ ይወድቃል።

ስለ ቅጽ ካነሣን፣ ስም «ከኤ እስከ ዜድ» ብቻ ይሁን የሚል ፍተሻ አማርኛን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ጃቫስክሪፕትና ጃቫ ውስጥ «የቃል ቁምፊ» የሚለው አጭር ምልክት በነባሪው የላቲን ብቻ ነው፤ ፓይተን 3 ውስጥ ግን አማርኛንም ይይዛል። አንዱን አገላለጽ ከፓይተን ወደ ጃቫስክሪፕት ስትወስዱ ዝም ብሎ መሥራቱን ያቆማል። ጃቫስክሪፕት ከ2018 ወዲህ በስክሪፕት ስም መፈለግ ይፈቅዳል፤ ኢትዮፒክ ብላችሁ ጥሩት። «ስም ከ3 ፊደል አይነስ» የሚለውንም ሕግ አውጡት፤ ሩት፣ ሊያ እና ሳባ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው።

ተለዋዋጮችንና ተግባራትን በአማርኛ መሰየምስ? ፓይተን፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ይፈቅዳሉ፤ ለማስተማርም ጥሩ ነው። ጎ ግን አንድ እንቅፋት አለው። ተግባር ከጥቅሉ ውጭ እንዲታይ ስሙ በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ በአማርኛ ፊደል የሚጀምር ስም ከጥቅሉ ውጭ አይወጣም። ፊት ለፊቱ አንድ የላቲን ትልቅ ፊደል ከማስቀደም በቀር መንገድ የለም።

የስልክ መልእክት ለብቻው ሊነገር ይገባል፤ ገንዘብ ያስወጣልና። በላቲን ብቻ የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ቁምፊ ይይዛል። አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባች መልእክቱ በሙሉ ወደ ባለ 16 ቢት ይዞርና ገደቡ 70 ይሆናል። ከ70 ካለፈ በየክፍሉ 67 ነው፤ ሁለት ክፍል 134፣ ሦስት ክፍል 201። «ነገ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የእድር ስብሰባ ስላለ በሰዓቱ ይገኙ።» ይህ 41 ቁምፊ ነው፤ በአንድ መልእክት ይሄዳል። በባይት የሚቆጥር ፒኤችፒ ግን 103 ይለውና ለሁለት ይከፍለዋል፤ እድሩ በእያንዳንዱ አባል ላይ እጥፍ ይከፍላል።

ቀደም ብለን ያቆየነው የ2021 ጭማሪ እዚህ ይገባል። ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የተጨመሩት እነዚህ ፊደላት ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውጭ ናቸው። በዩቲኤፍ 8 አራት ባይት ይፈጃሉ፤ የሚጀምሩትም በ240 እንጂ በ225 አይደለም። ጃቫና ጃቫስክሪፕት አንዱን ፊደል ሁለት ብለው ይቆጥሩታል፤ ፓይተን አንድ ይለዋል። የማይኤስኪውኤል አሮጌው «ዩቲኤፍ 8» ከሦስት ባይት በላይ ስለማይይዝ አይቀበላቸውም። ዓምዱን ኤምቢ 4 አድርጉት፤ ከ2018 ወዲህ ባለው 8.0 ላይ ነባሪው ይኸው ነው። የአማርኛ ሥርዓት ስለሆነ አይመለከተኝም አትበሉ። እዚህ አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ አማርኛ ብቻ አይጽፍም፤ ስሙን በቋንቋው ፊደል የሚያስመዘግብ ሰው ነገ ሊመጣ ይችላል።

በመጨረሻ፣ በየቢሮው መደርደሪያ ላይ በድሮ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች አሉ፤ ፎንቱ ሲነሣ የላቲን ዝባዝንኬ የሚሆኑት። ለእነሱ የኢንኮዲንግ ቅየራ አይረዳም፤ ለኮምፒውተሩ እውነተኛ ላቲን ናቸው። በሰነዱ ውስጥ እያንዳንዱ ቁራጭ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ከፋይሉ አውጡ፤ ያው ቁጥር በሁለት ፎንት ሁለት የተለያየ ፊደል ነውና ለየፎንቱ የራሱን ሠንጠረዥ አዘጋጁ። በእንግሊዝኛ ፎንት የተጻፈውን ቁራጭ እንዳለ ዝለሉት። ግንድና ቅጥያ ተደርቦ ለሚጻፍበት ፎንት ረጅሙን ጥምረት አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ግንዱን ብቻ ቀድማችሁ ከቀየራችሁ ሉ የነበረው ለ ሆኖ ይቀራል፣ ቅጥያውም ብቻውን ይንጠለጠላል። በሠንጠረዡ ውስጥ ያልተገኘ ቁጥር ሲያጋጥም ፕሮግራሙ አይጣለው፤ ከፋይሉ ስም፣ ከፎንቱ ስምና ካለበት መስመር ጋር በመዝገብ ይጻፈው፣ ሰነዱን የሚያውቅ ሰው አይቶ ሠንጠረዡ ላይ እስኪጨምረው ድረስም ዋናው ፋይል አይሰረዝ።